ሁለተኛው ስክሪን የት ይቀመጥ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው በዝቷል መሰለኝ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሁለተኛና ስለ ሦስተኛ ሞኒተር ናቸው። ስለዚህ የፕሪንተሩንም የቫይረሱንም ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አሳድሬዋለሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ጽፌው እስኪታተም ይለወጣልና። የጠያቂዎቹን ስምም ትቼዋለሁ። ሰፈራቸው ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ሆኜ የሦስት ድርጅቶችን ሒሳብ እይዛለሁ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም፣ ኤክሴልና የባንክ ስቴትመንት በአንድ ጊዜ ከፍቼ ስለምሠራ ላፕቶፑ ብቻውን አልበቃኝ አለ። ደሴ ወጥቼ ሁለት ባለ 22 ኢንች ስላይትሊ ዩዝድ ሞኒተር ገዛሁ። ላፕቶፔ ያለው የኤችዲኤምአይ ምስል ማውጫ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። ሻጩ “ይሄ ለሁለት ይከፍልልሻል” ብሎ ስፕሊተር ጨመረልኝ። አሁን ሁለቱም ሞኒተር የሚያሳየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ገንዘቤን ውሃ በላው ማለት ነው? ጠረጴዛዬ ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ሁሉም አልገጥም ብሎኛል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ሞኒተሮቹ ይሠሩልሻል። ውሃ የበላው የስፕሊተሩን ሒሳብ ብቻ ነው። እሱንም ሻጩ ከተቀበለሽ መልሽለት።

ስፕሊተር ሥራው ማባዛት ነው። አንድ ምስል ይገባበታል፤ ያው ምስል በሁለት በኩል ይወጣል። ለስብሰባ አዳራሽ ወይም ለትልቅ ሱቅ ይጠቅማል። ላፕቶፕሽ ግን ከስፕሊተሩ ወዲያ ሁለት ሞኒተር መኖሩን አያውቅም። የሚታየው አንድ ብቻ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ብታመሺም አይለያዩልሽም።

እያንዳንዱ ሞኒተር ከኮምፒዩተሩ የራሱ መውጫ ይፈልጋል። አንደኛውን ያለሽ ኤችዲኤምአይ ላይ በቀጥታ ሰኪው። ለሁለተኛው የላፕቶፕሽን ጎን አገላብጪና ዩኤስቢ ሲ የሚባለውን ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ ፈልጊ። ብታገኚውም ደስ ለማለት አትቸኩይ። ቀዳዳው ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ ግን አንዳንዱ ምስል ያወጣል፣ አንዳንዱ ፋይል ለማስተላለፍና ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው። ከጎኑ የዲስፕሌይ ፖርት (ሌላ ዓይነት የምስል ቀዳዳ ነው) ምልክት ወይም የመብረቅ ምልክት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምስል ያወጣል። መብረቁ ባትሪ ሥዕል ውስጥ ከሆነ ግን ለቻርጅ ነው። ምንም ምልክት ከሌለው የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ከሆዱ ላይ አንብቢና የፋብሪካውን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ እዪ። ምስል የሚያወጣ ከሆነ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ተራ አዳፕተር ይበቃሻል።

ምስል የማያወጣ ከሆነ ደግሞ ዲስፕሌይሊንክ የሚባል ቺፕ ያለው አዳፕተር ጠይቂ። በተራው ዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ነው። ድራይቨሩን መጫን ይኖርብሻል። ምስሉን በማዘጋጀት የሚደክመው የላፕቶፕሽ ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ አልመክረውም። ለስቴትመንትና ለኤክሴል ግን ልዩነቱም አይታወቅሽ። ስትገዢ የቺፑ ስም ካርቶኑ ላይ መጻፉን በዓይንሽ እዪ። “ያው ነው” ለሚል ሻጭ ጆሮ አትስጪ።

ሰክተሽ ስትጨርሺ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘሽ “ፒ” (P) የሚለውን ፊደል ተጫኚ። ከሚመጡት አራት ምርጫዎች “ኤክስቴንድ” የሚለውን ውሰጂ። “ዱፕሊኬት” ላይ ከሆነ የስፕሊተሩ ታሪክ ይደገማል። ቀጥለሽ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ግቢ። እዚያ ቁጥር የተጻፈባቸው ሳጥኖች አሉ። “አይደንቲፋይ” ስትዪ ቁጥሩ በየስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሳጥኖቹን በማውዝ እየጎተትሽ ሞኒተሮቹ ጠረጴዛሽ ላይ ባሉበት ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከዚያ ማውዙ በቀኝ ወጥቶ በግራ ሲመጣበት “ሞኒተሩ ተበላሸ” ብሎ ይደውልልኛል።

አሁን ወደ ጠረጴዛሽ ልምጣ። የኔ ትልቁ ምክር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባለ 22 ኢንች ሞኒተር ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱ ተጋድመው ጎን ለጎን ከቆሙ 1 ሜትር ያዙብሽ። የቀረው 20 ሴንቲ ሜትር ላፕቶፕ አያስቀምጥም። አንዱን ብታቆሚውስ? ሞኒተር በ90 ዲግሪ ዞሮ ሲቆም ወርዱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 50 እና 30 ሲደመር 80 ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ተረፈሽ። ባለ 15 ኢንች ላፕቶፕ ገባ ማለት ነው።

ቦታ ስለሚቆጥብ ብቻ አይደለም ይህን የምልሽ። የባንክ ስቴትመንት ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ነገር ነው። የኤ 4 ገጽ በቆመ ስክሪን ላይ ሙሉውን ይታያል። ተጋድሞ ባለ ስክሪን ላይ ግን ወይ ግማሹን ታያለሽ፣ ወይ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይሆንብሻል። በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ “ኦሪየንቴሽን” የሚለውን “ፖርትሬት” አድርጊው፤ ይዞርልሻል። መጀመሪያ ግን የሞኒተርሽ እግር የሚዞር መሆኑን እዪ። ከቢሮ የወጡ ሞኒተሮች ብዙዎቹ እግራቸው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ይዞራልም። የአንቺ ካልዞረ ጀርባውን ተመልከቺ። በ10 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ካሉት ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የሞኒተር ክንድ ይቀበላል። በአንዳንዱ ላይ ርቀቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ክንዱ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም መጠን ይይዛል። አንድ ጎበዝ ብረት በያጅም ተመሳሳዩን ሊሠራልሽ ይችላል፤ ብቻ ጠረጴዛሽ ቺፑድ ከሆነ ክንዱ ከሚታሰርበት በታችም በላይም ጣውላ አስገቢበት። ካልሆነ እየጎረሰ ይገባል።

አቀማመጡን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። የተጋደመው ሞኒተር ከአፍንጫሽ ፊት ለፊት፤ ፒችትሪ እሱ ላይ። የቆመው በስተቀኝ ወደ አንቺ ትንሽ ዘንበል ብሎ፤ ስቴትመንቱ እዚያ። ላፕቶፑ በስተግራ፤ ኤክሴል ወይም ቴሌግራም። ቴሌግራሙን ባታዪው ይሻላል እንጂ። ሁለቱ ሞኒተሮች የሚገጣጠሙበትን መስመር ፊት ለፊትሽ አታድርጊ። ሁለቱን እኩል የምታይ ቢሆን ያስኬዳል። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ የምትመዘግቢው አንዱ ላይ ነው፤ ወደ ጎን ዞረሽ ስትሠሪ ማታ አንገትሽ ይጠይቅሻል። የዋናው ሞኒተር የላይኛው ጠርዝ ከዓይንሽ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ከፊትሽ የአንድ ክንድ ያህል ይራቅ። አጭር ከሆነ ያልተከፈተ የኤ 4 ወረቀት እሽግ ከሥሩ አስገቢ። ለብቻው ኪቦርድና ማውዝ ግን ግዢ። በላፕቶፑ ኪቦርድ እየጻፍሽ ፊት ለፊት ያለውን ሞኒተር ማየት አይመችም።

አንድ ነገር ቀረ። ፒችትሪን ከላፕቶፑ ወደ ሞኒተሩ ስትጎትቺው ፊደሉ ድብዝዝ ካለብሽ “ስኬል” የሚለውን እዪ። ላፕቶፑ 125 ፐርሰንት፣ ሞኒተሩ 100 ፐርሰንት ላይ ከሆነ የቆዩ ፕሮግራሞች ሲሻገሩ ይደበዝዛሉ። ሁሉንም እኩል አድርጊና ፕሮግራሙን ዘግተሽ ክፈቺው። ወይም ሁልጊዜ ዋናው ሞኒተር ላይ ክፈቺው። የፕሮግራሙን መስኮት ከስክሪን ወደ ስክሪን ለማሻገር ደግሞ መጎተት አያስፈልግም። የዊንዶውስን ቁልፍና ሺፍትን ይዘሽ የቀኝ ወይም የግራ ቀስት ስትነኪ ይሻገራል።

የኮምቦልቻ ፀሐይ ከባድ ነው። የቤትሽ መስኮት ከኋላሽም ከፊትሽም አይሁን፤ በጎንሽ ይሁን። ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ መስታወት ሆኖ ራስሽን ያሳይሻል።

ጥያቄ፦ የኔ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ አለው። የገዛሁት ሞኒተር ግን ከቢሮ የወጣ ዴል ሆኖ ያለው የምስል መግቢያ ዲስፕሌይ ፖርትና የቆየው ቪጂኤ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ በሌላ በኩል ዲስፕሌይ ፖርት የሆነ ኬብል ገዛሁ። በሁለቱም ጫፍ ልክክ ብሎ ገባ። ስክሪኑ ግን “ኖ ሲግናል” ይላል። ኬብሉን ቀየርኩ፤ ያው ነው። (ሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ ኬብሉ ደህና ነው ወንድሜ፤ አቅጣጫው ነው የተገለበጠው። ይህ ኬብል የሚሠራው ኮምፒዩተሩ በዲስፕሌይ ፖርት አውጥቶ ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ሲቀበል ብቻ ነው። ያንተ ተቃራኒው ነው። አሥር ኬብል ብትቀይር ለውጥ የለውም።

ርካሹ መፍትሔ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ነው። በየሱቁ አለ። ሞኒተሩ ላይ ያለውን ቪጂኤ ትጠቀማለህ። ምስሉ በትንሹ ለስለስ ይላል። የሞኒተሩን “አውቶ አድጀስት” አንዴ ስትጫነው ይስተካከላል። ይህም አዳፕተር ባለ አንድ አቅጣጫ ነውና “ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ” ብለህ ጠይቅ። ጥርት ያለ ካልሆነ አልፈልግም ካልክ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚለውጥ ኮንቨርተር አለ። እሱ ብዙውን ጊዜ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ጭራ አለው። ጭራ የሌለውን ሲያሳዩህ ተጠራጠር።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ግራፊክስ ካርድ ተጨምሮበታል። አንዱን ሞኒተር ካርዱ ላይ፣ ሌላውን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ። የማዘርቦርዱ ጥቁር ሆኖ ቀረ። (ፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ሁለቱንም ካርዱ ላይ ሰካቸው። ካርድ ሲገባ የማዘርቦርዱ መውጫ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የአባቴን የቆዩ ደብዳቤዎች በስልክ ፎቶ እያነሳሁ ኮምፒዩተር ላይ እየገለበጥኩ ነው። ፎቶውን ከፍቼ አነባለሁ፤ ከዚያ ወደ ጽሑፉ እመለሳለሁ፤ ስመለስ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ዓይኔም ደክሟል። ቤት ውስጥ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን አለ። የልጅ ልጄ “ቴሌቪዥኑን ሁለተኛ ስክሪን አድርገው” አለኝ። ይሆናል? ግድግዳ ላይስ ልስቀለው? ቤቴ የጭቃ ቤት ነው። (ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ትክክል ነው፤ ይሆናል። ለሌላ ሰው ቴሌቪዥንን እንደ ሞኒተር አልመክርም ነበር። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የምስል ጥራታቸው 1366 በ768 ነው። ከአጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ፊደሉ የተፈረከሰ ይመስላል። እርስዎ ግን እዚያ ላይ የሚያዩት የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ነው፤ አጉልተው ነው የሚያዩት። ለዚህ ሰፊነቱ ይጠቅማል። የሚተይቡበትን ግን ኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ይተዉት።

ከኮምፒዩተሩ በኤችዲኤምአይ ኬብል ያገናኙትና የልጅ ልጅዎ “ኤክስቴንድ” ያድርግልዎ። የምስሉ ዳርና ዳር ተቆርጦ ከታየ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ምስሉን ትንሽ አጉልቶ የማሳየት ልማድ አለው። በሪሞት የምስል መጠን ውስጥ ገብቶ “ጀስት ስካን” ወይም “ስክሪን ፊት” የሚለውን ይምረጥ፤ ስሙ እንደ ቴሌቪዥኑ ይለያያል። የመግቢያውን ስም “ፒሲ” ማለት የሚቻልበት ከሆነም ይበሉት። “ሻርፕነስ” የሚለውን ዝቅ ያስደርጉ። ለፊልም የተደረገ ማስተካከያ ነው፤ በፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ይፈጥራል።

አይስቀሉት። የጭቃ ግድግዳ ፊሸር አይዝም። ዛሬ የያዘ ቢመስልም እየተፈረፈረ አንድ ቀን ይለቀዋል። ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት አግኝቶ እሱ ላይ የሚያስር አናጺ ካለ ሌላ ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ ለእርስዎ ከፍታው ራሱ አይመችም። ሲያነቡ ከታች የሚያጎላ ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ፣ ከፍ ያለ ስክሪን አገጭዎን ወደ ላይ ያስነሳዎታል። ለወጣቱ “ከዓይን እኩል” እላለሁ። ለእርስዎ ከዚያም ዝቅ ይበል። ዝቅ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከተቀመጡበት 1 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከኮምፒዩተሩ ጎን ያቁሙት።

ፎቶውን በጠዋት መስኮት አጠገብ ያንሱት፤ የስልኩን ፍላሽ ያጥፉት። ፍላሽ የቆየ ቀለምን ያነጣዋል። በየ20 ደቂቃው ደግሞ ለ20 ሰከንድ ያህል ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ይመልከቱ። የዓይን ሐኪሞች የሚሉት ነው። ደሴ ላይ ለዚህ ችግር የለም። ጉም ካልሸፈነው የጦሳ ተራራ አለልዎ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴም እኔም ከቤት እንሠራለን። ሁለት ላፕቶፕ፣ ሦስት ሞኒተርና አንድ ራውተር አለን። ሁሉም በአንድ ዲቫይደር ላይ ነው፤ እሱ ላይ ሌላ ዲቫይደር ተቀጥሏል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስጋት ነው። ባለ 650 ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ብንገዛ ለሁሉም ይበቃል? ሌላም አለ። የሞኒተሩን ኬብል ስሰካ እጄን ይነዝረኛል፤ በቪጂኤ በሚሠራው ስክሪን ላይ ደግሞ ቀስ እያለ የሚወጣ መስመር አለ። (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምር፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ንዝረቱ የሚነግራችሁ የቤታችሁ መስመር ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) እንደሌለው ወይም እንደተቋረጠ ነው። በኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ረብሻን ወደ ኧርዝ የሚያስወግዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኧርዝ ሲያጡ የዕቃው ብረት ላይ ቮልቴጅ ይቀመጣል። ከ220 ቮልት ግማሽ ያህሉ ሊሆን ይችላል። የሚፈስሰው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እጅ ከመንዘር አያልፍም። ነገር ግን ንዝረት ሁሉ ከካፓሲተር ነው ብላችሁ አትዘናጉ። መስመሩ የተላጠ ወይም ፓወር ሰፕላዩ የተበላሸ ከሆነም እንዲሁ ይነዝራል። ለዕቃውም ደግ አይደለም። ሁለት ኧርዝ የሌላቸው ዕቃዎች በርተው ሳሉ ኬብል ሲያገናኛቸው ያ ቮልቴጅ የሚያልፈው በኬብሉ ነው። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ “ዝም ብሎ ተቃጠለ” ተብሎ የሚመጣልኝ ብዙው በዚህ መንገድ ነው የሚመስለኝ። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው መስመርም አብዛኛውን ጊዜ የኧርዙ ችግር ልጅ ነው፤ ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ረብሻውን ሳያጣራ ያሳየዋል።

ስለዚህ ዩፒኤስ ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ኧርዙን ከመሬት ጀምሮ ይለካ፤ ከሌለ ይትከል። እስከዚያው ሞኒተር ስትሰኩና ስትነቅሉ ሁለቱንም ዕቃ ከሶኬት ንቀሉ። ዲቫይደራችሁም ሦስት ሽቦ ያለው ይሁን። ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ዲቫይደር ቢሮ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መቀጠሉን ዛሬውኑ አቁሙት።

አሁን ወደ ዩፒኤሱ። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩት። መብራት ሲሄድ የሚጠፉባችሁ ሞኒተሮቹና ራውተሩ ናቸው። የዛሬ ባለ 22 እና ባለ 24 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር 20 ዋት አካባቢ ይበላል። ሦስቱ 60፤ ራውተሩ 10 ብንለው በጠቅላላ 70 ዋት ነው። ባለ 650 ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ይህ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ በመቀየር የሚባክነውም አለ። ባትሪው አዲስ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያቆያችኋል። ያረጀ ከሆነ የጀመራችሁትን ሴቭ ለማድረግ ብቻ ነው። ይበቃል ወይ ላላችሁት፣ ሥራ ጨርሶ ለመነሳት ይበቃል፤ ከሰዓቱን ሙሉ ለመሥራት አይበቃም።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲሄድ ሌላ ዘዴ አለ። ሞኒተሮቹን አጥፉና ዩፒኤሱን ለራውተሩ ብቻ ተዉት፤ በላፕቶፑ ስክሪን ሥሩ። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስም አለ፤ እሱ የተሻለ ነው። የራውተራችሁ ቻርጀር ላይ 12 ቮልት መጻፉን ብቻ አረጋግጡ። ሌዘር ፕሪንተር ካላችሁ ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩት። ሲሞቅ በአንዴ የሚጎትተው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ፍሪጁም ከናንተ ጋር በአንድ ሶኬት አይሁን።

መብራት ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ክፉዎቹ። ዲቫይደሩን አጥፍታችሁ ትንሽ ቆዩ፤ አምፖሉ መዋዠቁን ሲያቆም አብሩ።

ሞኒተር ሲጠፋ የፕሮግራሙ መስኮት ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ተከምሮ ያበሳጫል። ዊንዶውስ 11 ካላችሁ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ “መልቲፕል ዲስፕሌይስ” በሚለው ሥር የመስኮቶችን ቦታ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ምልክት አድርጉበት። ሞኒተሩ ሲመለስ መስኮቶቹም ወደየቦታቸው ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ኤር ኤም 1 አለኝ። ሁለት ሞኒተር ልሰካበት ፈልጌ አንዱ ብቻ ይሠራል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ተፈጥሮው ነው። ኤም 1 እና ኤም 2 የሆነ ማክቡክ ኤር ከራሱ ስክሪን ሌላ የሚቀበለው አንድ ሞኒተር ነው። ኤም 3 ክዳኑ ሲዘጋ ሁለት ይቀበላል፤ ኤም 4 ክዳኑ ተከፍቶም ሁለት ይይዛል። ያንተ ላይ ሁለተኛ ከፈለግህ መንገዱ ከላይ ለሒሳብ ባለሙያዋ የነገርኳት ዲስፕሌይሊንክ ነው። ለዚህ ሲባል አዲስ ማክ መግዛት ግን የማይታሰብ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሞኒተር አለኝ። የግራፊክስ ሥራ እሠራለሁ። ሦስተኛ ልጨምር? (ከደሴ)

መልስ፦ ሦስተኛው ላይ ምን እንደምታስቀምጥ አሁን መናገር ትችላለህ? ካልቻልክ አትግዛ። በዚያው ብር ወይ የተሻለ ወንበር፣ ወይ ቀለሙ የሚታመን አንድ ጥሩ አይፒኤስ ሞኒተር ግዛ። ሁለት ሞኒተር ላይ ያው ቀይ ሁለት ዓይነት ቀይ ሆኖ ለሚታይህ ሰው ሦስተኛው ሦስተኛ ቀይ ነው የሚጨምርልህ። ቀለም የምትወስንበትን አንዱን ምረጥ፤ ሌላው የመሣሪያና የፋይል ማስቀመጫ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዩዝድ ሞኒተር ለመግዛት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ልመጣ ነው። ሱቅ ውስጥ ምን ልፈትሽ? በሚኒባስስ እንዴት ላውርደው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ላፕቶፕህን ይዘህ ና። ሻጩ በራሱ ኮምፒዩተር የሚያሳይህ ቆንጆ የተራራ ፎቶ ምንም አይነግርህም። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ምስሎች ስልክህ ላይ አውርደህ ወደ ላፕቶፑ ገልብጣቸው። በየተራ ስክሪኑን ሞልተው ክፈታቸው። በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብና ቢጫ ጥላ ፈልግ። በጥቁሩ ላይ ከዳር የሚያፈስ ብርሃን እይ፤ ሱቁ ብሩህ ከሆነ በጃኬትህ ጋርደው። ቢያንስ ሩብ ሰዓት በርቶ ይቆይ። ሲሞቅ የሚጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ሞኒተር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አያስታውቅም። ቁልፎቹን ሁሉ ተጫናቸው። ሜኑው በራሱ እየተከፈተ የሚያስቸግር ካለ ተወው። ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ በየተራ ሞክር፤ አንዱ ብቻ የሚሠራ ሞኒተር ብዙ ነው። እግሩን አንሳው፣ ዝቅ አድርገው፣ አዙረው።

ለመንገዱ እግሩን ፍታው። ስክሪኑ ላይ እርጥበት የሌለው ለስላሳ ጨርቅ አድርግና መጠኑ ልክ የሆነ ካርቶን አስደግፈህ ጠቅልለው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። በቁልቁለቱ ላይ ከወንበር ሥር የተጋደመ ሞኒተር ላይ የሰው ሻንጣ ይንሸራተታል። አቁመህ፣ ስክሪኑን ወደ ራስህ አዙረህ፣ በጉልበትህ መሃል ያዘው። ረዳቱ “ወደ ላይ እንጫነው” ካለህ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምረህ ጎንህ ወንበር ላይ አስቀምጠው። ስታወርድ ቤት ገብተህ ወዲያው አታብራው። በተለይ በክረምት ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የገባ ዕቃ ላብ ያወጣል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይረፍ። ከሱቁ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ የፓወር ገመዱንና የእግሩን ብሎኖች ቁጠር። በተለይ ሞኒተሩ የራሱ ቻርጀር ያለው ዓይነት ከሆነ ቮልቱ የሚገጥም ሌላ ቻርጀር ፍለጋ እንደገና ደሴ መውጣት ይመጣል።